«መምህር ነኝ» እያልኩ የጻፍኩባቸው ወራት

መጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ቪዲዮ መቅረጽ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ወደ ጓሮው ዞራለች። ባለቤቴ ከጆንያው ጤፍ በሁለት እጁ ዘግኖ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። እኔ ስልኩን ይዤ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«እንደምን ዋላችሁ ቤተሰቦቼ» ብሎ ጀመረ። ሁሌም እንደዚያ ነበር የሚጀምረው። ጤፉ ከሉማሜ እንደመጣ፣ አጨዳ ላይ ትንሽ ዝናብ እንዳገኘው፣ ስለዚህ ነጭ እንጀራ የሚፈልግ ሰው ይህን እንዳይገዛና ሌላ እስኪመጣ እንዲታገሥ ተናገረ። ጤፉን ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው እያፈሰሰ አሳየ። ሲጨርስ ቁልፉን ነካሁ። ከዚያ ልናየው ስንል የለም። መጀመር ሲገባኝ ሳልጀምር ቆይቼ፣ ላቁም ስል ነበር ያስጀመርኩት።

«አልያዘም» አልኩት።

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

ሳቀ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር አንድ ቃል እንኳ ሳይጻፍልኝ የቀረው ባንቺ ክፍል ብቻ ነው» አለ። «ተይው በቃ፣ ነገ እንቀርጻለን።»

ጤፉን ወደ ጆንያው መለሰና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በማግሥቱ ጠዋት ጤፍ ሊያይ ወደ ሉማሜ ሄደ። ጤፉን አይቶ፣ መኪና እየጠበቀ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ።

ለእኔ ወዲያው አልተነገረኝም። «ትንሽ አሞት ሆስፒታል ገብቷል፣ ደህና ነው» አሉኝ። ልሂድ ስል «ነገ ትሄጃለሽ» ብለው አስቀመጡኝ። ጎረቤቶቼ አብረውኝ አደሩ። ጎሕ ሲቀድ የእድር ሽማግሌዎች በሩ ላይ ተሰልፈው ሳይ ማንም ሳይናገር ገባኝ። አብረውኝ ያደሩት ሴቶች ማታውኑ ያውቁ ነበር። አልተቀየምኳቸውም። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚወድቀውን የሚይዝ ሰው አጠገቡ ቆሞ። ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ሁሉ ከዚህ ስለመጣ ነው።

ባለቤቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ጤፍ መሸጥ የጀመረው ከጡረታ በኋላ ነው። ጤፉን የሚያስተዋውቅበትን ቻናል ስልኩ ላይ የከፈተችለት ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃችን ናት። መጀመሪያ የጤፉን ፎቶ ብቻ ነበር የሚለጥፈው፤ ማንም አይጽፍለትም ነበር። «አባ፣ ፊትህን አሳይ» አለችው።

«የእኔን ፊት ማን ይገዛዋል?»

«ሰው የሚገዛው ከሰው ነው። ጤፉማ የትም አለ።»

እያፈረ ቆመ። ባርኔጣውን አድርጎ፣ ጤፉን ከዓይኑ አርቆ ይዞ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚናገረው ተናገረ። ሰዎች ወደዱት። «የጤፉ መምህር» አሉት፤ ቆይቶ «መምህር» ብቻ ቀረ። ጤፉ መጥፎ ሲሆን መጥፎ ነው ይል ነበር። ገዢ ሲጽፍለት ስለ ጤፍ ከማውራቱ በፊት የቤቱን ይጠይቃል። ማን ምን እንዳለው እንዳይረሳ የተማሪ ደብተር ገዝቶ ይጽፍበት ነበር፤ የዚህኛዋ ልጅ ፈተና ላይ እንዳለች፣ የዚያኛው ሰውዬ ጉልበቱን እንደሚያመው። ከሳምንት በኋላ «ጉልበትህ እንዴት ሆነ?» ሲላቸው ሰዎቹ ይገረማሉ። ብልሃት ብሎ አልነበረም። ለተማሪዎቹም እንደዚያ ነበር።

የሚናገረው እሱ፣ የሚጽፈው ግን የእኔ ጣት ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ስልክም ላይ ፈጣን ነኝ። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዴ «የሚባለውን አንቺው ታውቂያለሽ» ብሎኝ ይነሣል። እኔም አውቀው ነበር። ስለዚህ እሱ ከሄደ በኋላ መልእክቶቹ ሲመጡ እጄ መልሱን ያውቅ ነበር።

ከአርባው በኋላ ልጄ ስልኩን ከፈተችና አሳየችኝ። «መምህር ጠፉብን»፣ «መምህር ደህና ነዎት ወይ»፣ «ኔት ተቋርጦ ነው አይደል»። ብዙ ነበር።

«እማ፣ አንድ ፎቶ ሻማ አድርገን እንለጥፍና እንንገራቸው» አለች።

«መርዶ በጽሑፍ ይነገራል እንዴ?»

«አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«አንዷ ብቻዋን ቤቷ ተቀምጣ ከፍታ ብታነብስ? ማን ይይዛታል?»

«እማ፣ ደንበኞች ናቸው እኮ።»

እሱ ቤተሰቦቼ ይላቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ደግሞስ ሐዘንተኛ ራሷ መርዶ ነጋሪ ትሆናለች? ሌላ ሰው ነው የሚነግር። ግን ማን? እድሩ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ እየዞረ በር አያንኳኳም። ልጄ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ከስልኩ ጋር ቀረሁ።

መጀመሪያ የመለስኩት ጉልበቱን ለሚያመው ሰውዬ ነው። «ደህና ነኝ፣ ኔት ነው፤ ጉልበትህስ?» ብዬ ጻፍኩ። ነካሁት፣ ሄደ። ሰውዬው ደስ ብሎት መለሰ። ከዚያ የሚቀጥለው። መጋዘን ውስጥ እሱ መርጦ የገዛው ጤፍ ነበር፤ ስለዚህ ጤፉ ውሸት አይደለም ብዬ አሰብኩ። ይህ ሲያልቅ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ጤፉ እያለቀ ሲሄድ ግን የፈራሁት ማለቁን ነበር። ሲጠይቁኝ እሱ እንደሚለው እላለሁ፣ ሲያዝኑ እሱ እንደሚያጽናና አጽናናለሁ። «ድምፅዎን ይላኩልን» ሲሉ «ኔቱ ደካማ ነው» እላለሁ። ማርቆስ ውስጥ ኔት ደካማ ነው ያለን ሰው ማንም አይጠረጥርም።

ከሁሉ በላይ የምትጽፈው አንዲት ሴት ነበረች። ደምበጫ ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለደች፣ አሁን አዲስ አበባ እንጀራ እያስጋገረች ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ ሙስሊም ናት። እናቷ ደምበጫ ታመዋል። አዲስ አበባ ላምጣቸው ወይስ ይቆዩ ብላ ለመምህር ጻፈች። ግማሽ ቀን አሰብኩበት። ከዚያ «ልጄ፣ እናትሽን ከቤታቸው አታውጫቸው፤ አንቺ ሂጂላቸው» ብዬ ጻፍኩ። እሱም እንደዚያ የሚል መሰለኝ።

በሰኔ መልእክት ላከች። «መምህር፣ ምክርዎን ሰምቼ ነገ ወደ ደምበጫ እሄዳለሁ። ማርቆስ ወርጄ ሳልስምዎ አላልፍም።»

ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ «ዲማ ለዘመድ ሠርግ ሄጃለሁ፣ ሳምንት እቆያለሁ» አልኩ። በሰኔ፣ በጾም፣ ማን ሠርግ ይደግሳል? ሙስሊም ስለሆነች ልብ አላለችውም። «እንግዲያው ለባለቤትዎ ዕቃ ሰጥቼ አልፋለሁ» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ጥቁር ልብሴን አየሁት። እንደለበስኩት በሩን ብከፍትላት፣ ልብሴ በር ላይ አረዳት ማለት ነው። መንገደኛ ናት፣ ብቻዋን ናት። ከሳጥን አረንጓዴ ቀሚሴን አውጥቼ ለበስኩ። ያልሰማ እንግዳ ሲመጣ እስኪረዳ ድረስ ሐዘን ይደበቃል፤ ይህንንም እኛው ነን የምናደርገው። ብቻ የሚያረዳ ሰው ይኖራል። እኔ ያንን አላሰብኩም።

ጎረቤቴ በአጥሩ አሻግራ አየችኝ።

«አንቺ! ሐዘንሽን ወዴት ጣልሽው?»

«እንግዳ ይመጣብኛል።»

«ለእንግዳ ነው እንዴ ጥቁር የሚወልቀው?» ብላ ፊቷን አዞረች።

እንግዳዋ በባጃጅ መጣች። ፈገግታዋ ከእሷ ቀድሞ ገባ። አቅፋ ሳመችኝ። «እትዬ፣ እንዲህ ወጣት ሚስት እንዳለቻቸው መምህር ነግረውን አያውቁም!» አለች። ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ያን ሳቅ ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ።

ሽሮ አቀረብኩላት። «ጾም ነው አይደል? ደግ ነው፣ ሥጋ ብታቀርቢ ኖሮ ወላሂ እንጣላ ነበር» አለች። አንዴ ጎርሳ እንጀራውን ገለጥ አድርጋ አየችው። «ይሄማ የመምህር ጤፍ ነው።»

ከቦርሳዋ መነጽር አወጣች፤ የማንበቢያ መነጽር። «ጤፉን ከዓይናቸው አርቀው ሲይዙት እያየሁ ሁሌ ይቆጨኝ ነበር። ልካቸው ካልሆነ ስመለስ እቀይረዋለሁ።» ተቀበልኳት። ምን ላድርግ?

«እስኪ እኔው ልደውልላቸው፤ ድምፃቸውን ሳልሰማማ አልሄድም።»

«ዲማ ኔት የለም» አልኩ።

«ለመደወል ኔት ምን ያደርጋል?» ብላ ደወለች።

ስልኩ ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር። ጠራ። ሁለታችንም ወደዚያ ዞርን።

«ስልካቸውን ረስተው ነው የሄዱት?» አለችኝ።

አዎ እንድላት እየጠበቀች ነበር። መልሱን ራሷ አዘጋጅታ ሰጥታኛለች፤ አንድ ቃል ነው። ወራት ሙሉ ከዚያ የከበደ ውሸት በጣቴ ጽፌያለሁ። ከአፌ ግን አልወጣ አለኝ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ አቆመ። አረንጓዴ ቀሚሴን፣ ከሻሼ ሥር የተቆረጠውን ፀጉሬን አየችው።

«መቼ?» አለች።

«በየካቲት።»

በእጇ የያዘችውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰች። «ሳላለቅስላቸው አስበላሽኝ» አለች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «በሐዘን ቤት ተቀምጬ እየሳቅሁ አስበላሽኝ።»

ሳህኑን ከፊቷ አነሣሁ።

«ማነው ታዲያ ሲጽፍልኝ የከረመው?»

«እኔ።»

«እናትሽን አታውጫቸው ያለኝ?»

«እኔ።»

«ልጄ ያለኝስ?»

ይህኛውን «እኔ» ማለት አቃተኝ። እኔ በራሴ አፍ ልጄ የምላት ሴት አልነበረችም። እሱም ደግሞ አላላትም።

ከዚያ አለቀሰች። ጮክ ብላ። ጎረቤቴ ሰምታ በአጥሩ በኩል ሮጣ መጣችና ደግፋ ያዘቻት። በመጨረሻም የሚይዛት ሰው ተገኘላት፤ ያመጣሁት ግን እኔ አልነበርኩም። ሲበርድላት «ድምፃቸውን አሰሚኝ» አለችኝ። ያችን ላቁም ስል በስህተት የቀረጽኳትን ቪዲዮ ከፈትኩላት። መሬት፣ ጫማው፣ የምታልፍ ዶሮ ብቻ ነው የሚታየው። «ተይው በቃ፣ ነገ እንቀርጻለን» ይላል። አንዴ ሰማን። ድገሚልኝ አላለችም።

መነጽሩን ልመልስላት ስል አልወሰደችም። በሩ ላይ «አላህ ያጽናሽ» አለችኝ፤ አልሳመችኝም።

ከደምበጫ ሆና ገዢዎቹ በሚያወሩበት ግሩፕ ላይ በድምፅ ነገረቻቸው። ስለ ቀሚሱ አልተናገረችም፤ እሱ ከሞተ ወዲህ የምጽፈው እኔ መሆኔን ግን ተናገረች። መናገር ነበረባት። ነፍስ ይማር የሚሉ መልእክቶች ቀኑን ሙሉ መጡ። ከመካከላቸው «መምህር አይዋሹም ነበር» የሚል ነበር። ሌላው ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ ነው፤ «ስለ ጉልበቴ ማን ነበር የሚጠይቀኝ?» ብቻ ብሎ ጻፈ። እመልስለታለሁ ብዬ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከዚያ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

ልጄ መጣች። «እማ፣ አሁን አንቺ ፊትሽን አሳይ። እውነቱን ንገሪያቸው፤ ሰው ይወድሻል፣ ይገዙሻል» አለች። ለመልካም ነው ያለችው። ጓሮ ወጣን። ግድግዳውን ተጠግቼ ጥቁሬን እንደለበስኩ ከመጨረሻው ጆንያ ዘግኜ ቆምኩ። እሷ ስልኩን ያዘች። «እንደምን» ብዬ ቀጣዩ ጠፋኝ። ቤተሰቦቼ ልበል? የእሱ ቃል ነው። ደግሞ ጤፉን አየሁት፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም። እሱ ያኝከዋል፣ ያሸዋል፣ ያውቀዋል። እኔ የማውቀው መጻፍ ነው። ጤፉ በጣቶቼ መካከል እየፈሰሰ አለቀ። ልጄ «ይበቃል እማ» ብላ ስልኩን አወረደች።

ቻናሉ አልተዘጋም። መዝጊያውን ልጄ አሳይታኛለች፤ አልነካሁትም። መነጽሩ ቁም ሳጥኑ ላይ ከስልኩ አጠገብ ነው።

ግሩፑ ውስጥ ያልነበሩ፣ እስካሁን ያልሰሙ ሰዎች ደብተሩ ላይ አሉ። አሁን ጤፍ አልሸጥም። ጠዋት ጠዋት ደብተሩን ከፍቼ ለአንድ ሰው እደውላለሁ። የመምህር ባለቤት ነኝ እላለሁ። አጠገባቸው ሰው እንዳለ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ እነግራቸዋለሁ።