ማንኩሳ ተነስቷል

ጣሊያን ስለሄደ አሁን አፌን ሞልቼ ላውራው...

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቡሬ ገበያ መሀል ቆሜ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማኝ፣ «ታደለ! ማንኩሳ በሙሉ ተነስቷል! ጅጋ ነው የቀረ!» ብዬ ጮህኩ።

ታደለ ጓደኛዬ ነው። ከወረራው በፊት አዲስ አበባ አንድ ፎቶ አንሺ ቤት ሲሠራ ቆይቶ፣ ሰውየው አገር ለቆ ሲሄድ አሮጌ ካሜራውን ሰጠው። እኔም ከሥሩ አልጠፋ ብዬ ለመድኩ። እኛ ሹም በወንበር አስቀምጠን አናነሳም። እንስራዋ የተሰበረባት ሴት፣ ሹሩባ እየተሠራች የምትስቅ ልጅ፣ በሬው አልሄድም ብሎ የተኛበት ገበሬ... ያገኘነውን ነው የምናነሳው። ለምን ብትሉን፦ ደስ ይለናል፣ በቃ።

ያን ቀን ከማንኩሳ እንደተመለስኩ ካሜራውን ታደለ ቤት አስቀምጬ እሱን ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ጩኸቴን ግን ታደለ አልሰማም። የሰሙት ባንዶች ናቸው።

ግራና ቀኝ ይዘው ወስደው ጣሊያኑ ሹም ፊት ገተሩኝ። ምን አጠፋሁ? መቼም ያለፈቃድ ፎቶ ማንሳት ተከልክሎ ይሆናል አልኩ። የመጣው ይምጣ፣ አልዋሽም ብዬ ቆረጥኩ።

ሹሙ አማርኛ አይችልም። አጠገቡ የተቀመጠው ቱርጁማን ግን ከኛው አንዱ ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብ፣ ረጋ ያለ ሰው።

«ማንኩሳ ማን ማን ተነሳ?» አለኝ።

«መምሬ ዘለቀ ተነሱ፣ ጌታዬ። መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፤ ኋላ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተነሱ።»

«ሌላስ?»

«ጭቃ ሹሙም ከነቤተሰባቸው። እማሆይ ወለተ ማርያምም አልቀሩ። እሳቸው እንኳ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ተቀምጠው ነው የተነሱ።»

ቱርጁማኑ ቀና አለ። «ተቀምጠው ተነሱ?»

«አዎ ጌታዬ። መቆም አይችሉማ!»

ይህን በጣሊያንኛ እንዴት አድርጎ እንደተናገረው እግዜር ይወቅ። ሹሙ ጠረጴዛውን በቡጢ ደለቀው።

«መሣሪያው የት ነው?»

«ታደለ ቤት፣ አልጋ ሥር፣ በነጠላ ተጠቅልሎ።»

«ጎርሷል?»

«ጎርሷል ጌታዬ። ትንሽ ስለቀረው እሱን ጅጋ ልንጨርሰው ነበር።»

ሁለት ባንዶች እየሮጡ ወጡ። ሹሙ ፊቱ ቲማቲም መስሎ አንድ ነገር ጮኸ። ቱርጁማኑ ወደ እኔ ዞረና «ስማቸውን የጠራሃቸው በሙሉ ይሰቀላሉ» አለኝ።

ይሰቀላሉ? ግራ ገባኝ። ዓይኔን ሳነሳ ግድግዳው ላይ የሹሙን ፎቶ አየሁ፤ በትልቅ ፍሬም፣ ከራሱ አናት በላይ ተሰቅሏል። እፎይ! ለካ ሥራችንን ወደውታል...

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ! መምሬ እንዴት ደስ ይላቸው! የት ነው የሚሰቀሉት? እሳቸው አጠገብ?» ብዬ ወደ ግድግዳው ጠቆምኩ።

ቱርጁማኑ ፎቶውን አየ። እኔን አየ። ደግሞ ፎቶውን አየ።

«አንተ ሰው... ስለምንድን ነው የምታወራ?»

«ስለ ፎቶ ነዋ!»

ያኔ ነው ነገሩን በቀስታ ያስረዳኝ። እኔ «ተነሱ» ባልኩ ቁጥር እነሱ «ሸፈቱ» ብለው ነው የሰሙት። እማሆይን በገዛ አፌ ገመድ አንገታቸው ላይ አግብቼላቸው ነበር እኮ!

ቱርጁማኑ ለሹሙ ማስረዳት ሲጀምር ባንዶቹ ታደለን የፊጥኝ አስረው፣ የነጠላውን ጥቅል ይዘው ገቡ። ሹሙ ጥቅሉን ነጥቆ ፈታና በመስኮቱ በሚገባው ጠራራ ፀሐይ የካሜራውን ጀርባ በርግዶ ከፈተው።

«ተቃጠሉ!» ብሎ ታደለ ጮኸ።

ባንዶቹ ቦምብ መስሏቸው መሬት ላይ ተዘረሩ። ሹሙ እነሱን አይቶ፣ የቱርጁማኑን ማብራሪያ እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ታደለም እንባው ፈሰሰ፤ የሱ ግን የሳቅ አይደለም። ፊልሙ ብርሃን ስለነካው ያ ሁሉ የማንኩሳ ሰው ጠፋ። እኔም እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም።

ሹሙ ሳቁ ሲበርድለት ለቀቀንና በሚቀጥለው ሳምንት መጥተን እሱን እንድናነሳው አዘዘ። እምቢ አይባል ነገር... ሄድን።

ሹሙ ወንበሩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል። ታደለ ብርሃኑን ያያል፣ እኔ ካሜራውን ይዣለሁ። በዚህ መሀል አንድ ባንዳ እያለከለከ ገባ።

«ጌታዬ! ማንኩሳ ተነሳ!»

ሹሙ ምን አለ በሚል ዓይን ቱርጁማኑን አየው። ቱርጁማኑ ሳይቸኩል፣ እኔም እንኳ የምትገባኝን አንዲት ቃል ተናገረ፤ «ፎቶግራፊያ።»

ሹሙ እንደገና በሳቅ ፈነዳ። ባንዳው «ኧረ የለም ጌታዬ፣ መምሬ ዘለቀ እንኳ ሳይቀሩ...» ብሎ ሲጀምር ቱርጁማኑ «ሰምተናል፤ እሳቸው ባለፈውም ተነስተዋል። ሂድ ውጣ!» ብሎ አስወጣው።

ማንኩሳ ግን የዚያን ቀን የምር ሸፍቶ ነበር። የጣሊያን ጦር ነገሩ ገብቶት እስኪደርስ ሰዉ ከነከብቱ፣ እማሆይም በበቅሎ፣ ጫካ ገብተው አደሩ።

ቱርጁማኑ ያኔ ተሳስቶ ነው ወይስ አውቆ? ፊቱን ባየው ምንም የለበትም። ባንዳው ሲወጣ፣ አፌን ከፍቼ እንደቆምኩ ወደ እኔ ዞር አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«አንተስ ምን ትጠብቃለህ? አንሳ እንጂ!» አለኝ።

ካሜራውን ይሁን ጠመንጃውን... እስከ ዛሬ አልገባኝም።