ባዶው ብልቃጥ

ሊፈርት አምስተርዳም ውስጥ ጎረቤቴ ነበር። መዳብ ላይ ሥዕል ይቀርጻል፤ እኔ ቀለም ቀብቼ አትምለታለሁ። ሐኪሙ ፋን ኔሰን በአረቄ ነክሮ በብልቃጥ የሚያስቀምጣቸውን ሙት ሕፃናት የሚቀርጸው እሱ ነው። ሐኪሙ ዳንቴል ያለው እጅጌ ስለሚያለብሳቸው የተኙ ይመስላሉ። ሊፈርት ሲቀርጻቸው እጁ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

አንድ መኸር ላይ ሐኪሙ መደርደሪያ ሙሉ ብልቃጥ እንዲቀርጽለት አዘዘው።

«መሃለኛው ባዶ ነው፤ ምን ላድርግበት ዶክተር?»

«ተወው፤ ገና አልመጣም።»

ሊፈርትን አልገረመውም። ቦታ ማስቀረት የሥራችን ልማድ ነው፤ አዋላጆች ሞቶ የተወለደ ሲያመጡ ይሞላል።

ሚስቱ ማክቴልት ወሯ ገብቶ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ሞተው ተወልደውባታል። አዋላጇ ትራይን መጥታ ሆዷን ዳበሰች።

«አባቱን መስሏል፤ ሰነፍ! አይንቀሳቀስም እኮ።»

«ሌሊቱን ሙሉ ሲራገጥ ነው የሚያድረው፣ እትዬ ትራይን!»

«እሺ፣ አትቆጪ። ዶክተሩም ስለሱ ሲጠይቀኝ ነው የሰነበተው።»

«ዶክተሩን ምን አገባው?»

ትራይን ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ማክቴልት ወደ ባሏ ዞረች።

«መቼ እንደምወልድ አንተ ነህ የነገርከው?»

«ጠየቀኝ፤ ለደግ መስሎኝ ነገርኩት።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዳብ አየች። ባዶውን ብልቃጥ በጣቷ ነካችው።

«ይሄስ የማን ነው?»

ሊፈርት መዳቡን ገልብጦ አስቀመጠው። እሷ ግን አልተወችውም።

«የፊተኞቹን ልጆቻችንን ትራይን ወስዳ ቀበርኳቸው ብላናለች። ሲቀበሩ አይተሃል አንተ?»

«አላየሁም።»

ጎህ ሳይቀድ ባልና ሚስቱ በቦዩ ጀልባ ሆርን ከተማ ወዳለችው እህቷ ሄዱ። ረፋድ ላይ ትራይን በሬን አንኳኳች።

«የት ገቡ እነዚህ ሰዎች? በዚህ ሆዷ!»

«እኔን አስቀምጠሽኛል እንዴ ጠባቂ?» ብዬ ዘጋሁባት። ከመንገዱ ማዶ የሐኪሙ አሽከር ቆሞ ነበር።

ማክቴልት ሆርን ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ጩኸቷ ሰፈር የሚቀሰቅስ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሊፈርት ብቻውን መጣ። እንኳን ደስ አለህ ስለው ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተቀመጠም።

«ለዶክተሩ የሠራኋቸው ህትመቶች ቅጂ አለህ?»

ሳጥኑን ከፈትኩለት። መስኮቱ ሥር ቆሞ አንድ በአንድ ገለጠ። ድሮ ስንሠራ መስመሩን ነበር የሚያየው፤ ያን ቀን የሕፃናቱን ፊት አየ። ከመካከላቸው ሁለቱን አወጣ፤ ሳያጥፋቸው ካፖርቱ ውስጥ ደረቱ ላይ አደረጋቸው።

በሩን ከፍቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ማክቴልት ከጠየቀችህ፣ እዚህ አልመጣም በላት» አለኝ።