ክረምት የሚከለክለው ለቅሶ

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው አገር የእናቴ ቀዬ ከወንዙ ማዶ ነው፤ የአባቴ ከወዲህ። በጥር ውሃው ከጉልበት ስለማያልፍ ሙሽራ በበቅሎ፣ ሚዜ በእግሩ ይሻገረዋል። ስለዚህ ከማዶ ማግባት ቀላል ነው። ችግሩ ሰው በጥር ብቻ አለመሞቱ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ማንንም ስለማያሳልፍ ወዲህና ወዲያ የየራሳችን ቅሬ፣ የቀብር ዕድር፣ አለን፤ በየፊናችን እንቀብራለን።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ያረፉት በሐምሌ ነው። እናቴ ከወዲህ ዳር ቆማ አለቀሰች፤ ወንድሟ ከወዲያ ዳር ሆኖ እንዴት እንደሞቱ እየጮኸ ነገራት። ውሃው ከሱ በላይ ስለሚጮህ ግማሹን አልሰማችም። ከዚያ ወዲህ ሰኔ በገባ ቁጥር ለወንድሟ ስልክ ትደውልና እስከ መስከረም እንዳይታመም ታስጠነቅቀዋለች። ዳግመኛ ከዳር ቆሜ አላለቅስም ብላ ነበር።

በኋላ ሐዲድ መጣ። በወንዛችን ላይ የባቡር ድልድይ ተሠራ፤ ባቡሩ ብቻ ቀረ። ጣቢያ ሊሠራ ነው ሲባል ግን ብዙ ሰው ዳገት ላይ ያለ ቤቱን አፍርሶ ከሐዲዱ ሥር ሠራ። ዛሬ አንዱ ለሌላው ሻይ ይሸጣል። እኔም ከሻጮቹ አንዷ ነኝ፤ ሻዬ ጥሩ ነው።

የድልድዩ ጠባቂ ከአረብ አገር የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ ነው። ባቡር ይመጣል ተብሎ ማንንም እንዳያሻግር ታዟል። ፍየል እንኳ አያሳልፍም።

ባለፈው ነሐሴ አጎቴ፣ ያ የእናቴ ወንድም፣ አረፈ። ከእናቴ ጋር ድልድዩ ዘንድ ደረስን።

«አይፈቀድም እማማ» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። «ባቡር ቢመጣስ?»

«ከመጣ ቁም በለው። ወንድሜን ልቀብር ነው።»

ልጁ ሐዲዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየ። «በሉ አብሽሩ፣ ተከተሉኝ» ብሎ ፊት ፊት ሄደ። ድልድዩ መሐል ላይ እየቆመ ባቡሩን በኋላችን ይፈልጋል። እናቴ ዞራም አላየች። እኔ ፈርቼ ነበር፤ ባቡሩን ሳይሆን ውሃውን።

አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ደረስን። እናቴ ሳጥኑን አቅፋ «አባዬ፣ አባዬ» እያለች ታለቅስ ጀመር። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ጠጋ ብላ የሞተው ወንድሟ መሆኑን በጆሮዋ ነገረቻት።

«አውቃለሁ» አለች እናቴ። «እሱ ትንሽ ይታገሠኝ፤ አባቴ ብዙ ቆይቷል።»

ሳጥኑን ሊያነሡ የቆሙት ወንዶች ተመልሰው ተቀመጡ።