ከበሩ ማዶ ያለው ከተማ

በርካሹ አየር መንገድ መግቢያ ላይ ትኬቴን ያየችው ሴት፣ አየር ላይ ውሃ ሸጠችልኝ፤ ስናርፍ ደግሞ መጥረጊያ ይዛ ብቅ አለች።

አጠገቤ የነበሩ አዛውንት፣ "ልጄ፣ የምታበሪውም አንቺ ነሽ እንዴ?" አሏት።

"ገና አልጠየቁኝም፣ አባባ" ብላ ሳቀች።

ድርጅቱ በአንድ አውሮፕላን ሲጀምር ነበረች። አሁን አውሮፕላኖቹ ስድስት ደርሰዋል፤ እሷ ግን ያው አንድ ናት።

ሻንጣዬን ስጠብቅ፣ የመመለሻው በረራ በብልሽት ለነገ መዛወሩ ተነገረ። በዚያ ለመሄድ ሲጠብቅ የነበረው ተሳፋሪ ሁሉ እሷ ላይ ጮኸ። አንድ በአንድ ይቅርታ ጠይቃ ስታበቃ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"እዚህ ከተማ ምን የሚታይ ነገር አለ? ስምንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆመን ስለምንመለስ ከበሩ ወጥቼ አላውቅም።"

"ወንዝ አለ፤ በእግር ይደረሳል" አልኳት።

ተረከዘ ረጅሙን ጫማዋን በነጠላ ጫማ ቀይራ፣ ሻንጣዬ ሳይመጣ ወጥታ ሄደች።