ቨርና ያሳየችው ቦታ

የቨርና ሆልምግሬን የእንጉዳይ ቦታ የት እንደሆነ ጠይቁኝ፤ አላውቅም። ዕድሜ ልኬን ጎረቤቷ ሆኜ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። በኛ ካውንቲ የሰው ትዳር ይጠየቃል፤ የእንጉዳይ ቦታ ግን በፍጹም! ጥቅምት ላይ ጫካው በዝናብ ሲርስ ሰው ሁሉ መኪናውን አርቆ ያቆማል፣ በእግሩ ዞሮ ይገባል፣ ሲወጣ ቅርጫቱን በጃኬቱ ይሸፍናል። ከተጠየቀ “ዘንድሮ ምንም የለም” ነው መልሱ። ሁላችንም እንዋሻለን፤ ማንም አይቀየምም።

ቨርና የእንጨት መሰንጠቂያው እስኪዘጋ እዚያ ሠርታለች፤ ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖረች። ባሏ አርቪድ ሲሞት የቀራት ያ ቦታ ነው። ያገኘው እሱ ነው፤ አብረው ነው ያረጁበት። ልጅ አልወለዱም። ጉልበቷ እምቢ ማለት ሲጀምር ቦታውን ለግሌንዳ አሳየቻት። ግሌንዳ የአርቪድ የእህቱ ልጅ ናት፤ ባሕሩ ዳር የእንግዳ ማረፊያ አላት።

“ከኔ በኋላ ያንቺ ነው” አለቻት። “እስከዚያ ግን ለባልሽም እንዳትናገሪ።”

ግሌንዳም በአርቪድ መቃብር ማለች። መሐላ ተብሎ!

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሌላው ሰው እንጉዳዩን ቆርጦ ይሄዳል። ቨርና ግን መሬት ላይ የቀረውን የእንጉዳዩን ጉጥ ከዛፍ ላይ በሚለቀም፣ የዛፍ ሽበት በሚባለው አረንጓዴ ነገር ትሸፍነዋለች። አርቪድ ነው ያስለመዳት። ለግሌንዳ አሸፋፈኑን ሳይቀር አስተማረቻት።

አምና ጥቅምት ቨርና ከጫካ ስትመለስ ቤቴ ገባች። ቅርጫቷ ባዶ ነበር።

“ዘንድሮ ምንም የለም?” አልኳት ለቀልድ።

“ታጭዷል” ብላ ከነካፖርቷ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። “መሬቱ በጫማ ቦክቷል። የስንት ሰው ጫማ መሰለሽ!”

“ከከተማ የሚመጡት ናቸዋ! ባሕሩን አይተው ሲጨርሱ ጫካውን ያተራምሱታል።”

“ማክሲን” አለችኝ። “ጉጦቹ ሁሉ ሽበት ለብሰዋል።”

ሻይ ላፈላ ተነስቼ ምድጃውን ሳልለኩስ ቆሜ ቀረሁ።

ቅዳሜ ባሕሩ ሲሸሽ ከተማው በሙሉ አካፋና ባልዲ ይዞ ለምግብ የሚሆን ዛጎል ሊቆፍር አሸዋው ላይ ወጣ። ግሌንዳም እንግዶቿን አስከትላ መጣች። አንዷ እንግዳ፣ ወሬ የማትጠግብ ሴት፣ ቨርና አጠገብ እየቆፈረች ጨዋታ ጀመረች። “ማክሰኞ ደግሞ እንጉዳይ አስለቀመችን! የቤተሰቧ ቦታ ነው፤ አሸፋፈኑን እንኳ አሳየችን!”

ግሌንዳ ዓይኗን በጨው አጥባ ቀረበች። “አክስቴ፣ ደህና ነሽ?”

“ለማንም እንዳትናገሪ አላልኩሽም?”

“ኧረ አክስቴ! ለእንጉዳይ ነው ይኼ ሁሉ? ዝናብ ሲጥል ባሕር ዳር አይቆሙልኝም። የሆነ ቦታ ልወስዳቸው አይገባም?”

“ጫካው ጠቦሽ ነው?”

ግሌንዳ ወዲያ ወዲህ አየች። ሰው ሁሉ መቆፈሩን ትቶ ነበር። “በዚህ ጉልበትሽ ከእንግዲህ የምትደርሺበት አልመሰለኝም” አለች።

“በቁሜ ወረስሽኝ” አለች ቨርና። ድምጿን እንኳ አላነሳችም። ባልዲዋን እዚያው ትታ ወደ መኪናዋ ሄደች።

እኔ ግን አልቻልኩም። “ነውረኛ!” አልኳት ግሌንዳን።

“አንቺ ምን አገባሽ?”

“ያገባኛል! አርቪድን ስንቀብር አጠገብሽ ቆሜ ነበር!”

የቨርናን ባልዲ ይዤ ተከተልኳት። እንግዶቹ ምን እንደተፈጠረ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ ነበር።

ዘንድሮ የቨርና ጉልበት ብሶበት መንዳት አቆመች። ሌላ የእንጉዳይ ቦታ እንዳላት ነገረችኝ፣ ትንሽ፣ አርቪድ እንኳ የማያውቃት። ውሰጂኝ ስትለኝ ደስ አለኝ። ዝናቡ እያካፋ ነበር። ከመንገዱ ወጣ ብለን “እዚህ ጋ አቁሚ” አለችኝ። ቅርጫቷን ልይዝላት በሩን ስከፍት ክንዴን ያዘችኝ።

“ማክሲን፣ አትቀየሚኝ። ከመኪናው አትውረጂ።”

“እሺ።”

“ወደዚያ ዙሪ ደግሞ። በየት እንደምገባ እንዳታዪ።”

እኔን! አንድም ቀን ጠይቄያት የማላውቀውን! በግሌንዳ ልናደድ ፈልጌ እንባዬ ቀደመኝ። ፊቴን አዞርኩ፤ ምርኩዟ ጠጠሩን ሲረግጥ መስማት እስካቆም ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ።