የሰባት መዶሻዎች ግድግዳ

ትምህርት የጀመርኩት ሁለት ልጆች ወልጄ፣ በማታው ክፍል ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው በመጽሐፍ ይሳሳል። የእኔዎቹ ግን በካርቶን ታጭቀው አልጋ ሥር ነበሩ፤ አንድ ቀን የሰዋስው መጽሐፌን ሳነሳ ምስጥ ከመግቢያው እስከ ምዕራፍ ሦስት አንብቦ ጨርሶታል።

ባዶ ግድግዳ ያለው የባለቤቴ መሥሪያ ክፍል ብቻ ነበር። እሱ አናጺ ነው። ክፍሏ በምዕራብ በኩል ቆርቆሮ፣ በምሥራቅ በኩል የግቢያችን ማንጎ ዛፍ ጥላ ያረፈበት ጭቃ ናት፤ የቀረው በርና መስኮት ነው። ሰባት መዶሻዎቹን አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ያጉራቸዋል። አንዱን ሲፈልግ ሁሉንም መሬት ላይ ይዘረግፋል፤ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰን ዶሮ ሳይሆን እሱ ነው። አንድ ግድግዳ ስጠኝ አልኩት። ሳምንት ሙሉ አሰበበትና፣

«ዓይኔን ጨፍኜ የፈለግኩትን መዶሻ እንዳነሳ አድርገሽ ደርድሪልኝ፤ አንዱ ግድግዳ ያንቺ ይሆናል» አለኝ።

ጥላ ያለበትን ግድግዳ ለመጽሐፎቼ አስቀርቼ መዶሻዎቹን ወደ ቆርቆሮው ወሰድኳቸው። ማገሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሚስማር መታሁ፤ ብረቱ ሚስማሮቹ ላይ ያርፋል፣ እጀታው ወደ ታች ይንጠለጠላል። ከባዶቹ ከወገብ በታች፣ ቀላሎቹ በትከሻ ልክ። ርቀቱን በማስመሪያ ለካሁ። የእያንዳንዱንም ቅርጽ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመርኩት፤ ሰፈራችን ውስጥ መዶሻ የማይዋስ የለም፣ ያልመለሰውን ባዶው ቅርጽ ያጋልጠዋል።

ዳኛችን ፊት ለፊታችን ያሉት ባለሱቁ ሐጂ ነበሩ። ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የጋምቤላን ፀሐይ የሚያውቅ እዚህ ላይ ይስቃል።

ባለቤቴ ዓይኑን በሻሼ ታስሮ የመጀመሪያውን ብረት ጨበጠና ዘለለ። እጁን እያራገበ፣ ይኼማ ገና ከእሳት የወጣ ነው አለ። ሻሹን ፈትቶ ትልቁን በእጀታው አነሳና አንድ ግንዲላ መታበት። እጀታው በሙቀት ደርቆ ተኮማትሮ ኖሯል፤ ብረቱ ወልቆ በረረና ሐጂ አጠገብ የነበረ የውኃ ባልዲ ውስጥ ገባ። ሐጂ ከጢማቸው እስከ ሽርጣቸው በሰበሱ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ጮክ ብዬ የማልዘምር ሴት፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ስቅ እስኪለኝ ሳቅሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ተሸንፌአለሁ። ጥላው ለመዶሻዎቹ ነው፣ መጽሐፎቼ ወደ አልጋ ሥር።

ሐጂ ጢማቸውን እየጨመቁ ጭቃውን ግድግዳ በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። የምስጥ መንገድ ፈረፈር ብሎ ወረደ።

«እህቴ፣ መጽሐፍሽን እዚህ ልትደረድሪ ነበር? ለምስጥ ልትደግሺ?»

የጋለ ቆርቆሮ ላይ ምስጥ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ለሁለታችንም ጠፍቶን የነበረው መልስ ይኸው ነበር፦ ማቀያየር፤ መዶሻዎቹ ወደ ጭቃው፣ መጽሐፎቼ ወደ ቆርቆሮው።

ለጭቃው ግድግዳ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የጠጣ ጣውላ አቆምኩ፤ ሚስማሩ ጭቃ ላይ አይረጋማ። እጀታዎቹን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈን አሳደርናቸው፤ እሱ በሽብልቅ አጠበቃቸው፣ እኔ ዘይት ቀባኋቸው። የመጽሐፍ መደርደሪያዬን ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር አርቄ በሽቦ ሰቀልኩት።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ሐጂ ከባልዲው ርቀው ቆሙ። የጠሩለትን ሁሉ ባለቤቴ አንድ በአንድ አነሳ፤ ጥፍር ያለውን፣ የጎማውን፣ የእንጨቱን። ሰባተኛው ላይ እጁ አየር ላይ ዋለለ። አገኘው።

ዓይኑ እንደታሰረ «በይ፣ ግድግዳው ያንቺ ነው» ማለቱን የነገሩኝ ሐጂ ናቸው። እኔማ ያን ጊዜ በደረቴ ተኝቼ ካርቶኑን ከአልጋው ሥር እየጎተትኩ ነበር።