በጀርባዬ ላይ የነበረው ነጭ ክብ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ይዤ ገንዳ ውሃ ከተማ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ትከሻዋ ላይ ያለችውን ጥቁር ማርያት ነጭ ክብ ከቧታል። ወጣቱ ሐኪም ደጋግሞ አያት።

«ምንም አይደል፣ አባባ። ሰውነቷ ራሱ የማርያቷን ቀለም እያጠፋ ነው፤ ዙሪያዋም አብሮ ነጣ። አይጋባም። ነጩን ከፀሐይ ሸፍኑላት፤ ማርያቷ ቅርጿ ከተለወጠ ብቻ መልሳችሁ አምጧት» አለኝ።

ያን ክብ አውቀዋለሁ። የራሴን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ጀርባዬ ላይ ነበር።

ጎረምሳ ሳለሁ ነው። አባታችን ከሸሕዲ ከተማ ወጣ ብሎ ሰሊጥ ያርስ ነበር። ዝናቡ ሲያበቃ የእኛ ቆላ ወበቁ አያስቀምጥም፤ ሰሊጥ ደግሞ ጊዜው ካለፈበት ፍሬውን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። ስለዚህ ከደጋ ከሚመጡት ሠራተኞች ጋር አብሬ አጭድ ነበር፤ የማሽላ እንጀራ በወይካ ወጥ ከአንድ ትሪ እንበላለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በርሜሉ አጠገብ ስታጠብ፣ ውኃ የሚያፈስልኝ የጎጃም ሰው ድንገት ጣሳውን አስቀመጠ። ምን እንዳየ ብጠይቀው ቁጢጥ ብሎ አፈሩ ላይ በጣቱ ነጥብ አደረገ፤ በዙሪያዋም ክብ ሣለ።

«ባገሬ ቁምጥና ሲጀምር እንዲህ ነው። ላስፈራህ ብዬ አይደለም፤ ቶሎ ጠበል ግባ» አለኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ራት ሲቀርብ ግን የእኔ ለብቻው በሳህን ተጨለፈ።

እናቴ ጀርባዬን በመርፌ ወጋችኝና ጮኽሁ። ቁምጥና የያዘው ቆዳ ሕመም አይሰማውም ይባላልና በደስታ አለቀሰች። ምን ዋጋ አለው፣ ወሬው ቀድሞን ሸሕዲ ገብቷል።

ታላቅ እህቴ ብርቄ በጥር ልትዳር ነበር። በእኛ ዘንድ ከጋብቻ በፊት ዘር ይጠናል፤ ቁምጥና በአጥንት ይወርዳል ተብሎ ስለሚታመን የወንድም ጀርባ የእህት ጉዳይ ነው። የልጁ ወገኖች ጨዋዎች ነበሩ። ከብት እንደሞተባቸው፣ ዘንድሮ ለመደገስ እንዳልተመቻቸው ተናገሩ፤ አባቴም እግዜር ይተካላችሁ ብሎ ሸኛቸው። ስለ ጀርባዬ ማንም አላነሣም። ቢያነሡት ኖሮ እኮ መርፌውን እናሳያቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ በራችንን የረገጠ ሽማግሌ የለም። እኔም በዚያ ሐሩር ሸሚዝ ደርቤ መዋል ጀመርሁ። ብርቄ ማሽላ ስታበጥር ቀና ብላ አየችኝ።

«አውልቀው፤ ያየው አይቷል። ሙቀቱ እንዳይገልህ» አለችኝ።

በዓመቱ ድንበር ተሻግራ ገዳሪፍ ገባች። ሻይ እያፈላች ትኖር ነበር፤ መንገደኛ ባገኘች ቁጥር ሽቶና ሳሙና ትልክልናለች። ሱዳን ከታመሰ ወዲህ ግን ድምጿ የለም። መተማ ላይ ከሚሻገሩት ስደተኞች ያልጠየቅሁት ሰው የለም።

ክቡ ሳላየው መጣ፤ ሳላየው ጠፋ። ያገባኋት ሴት ጀርባዬ ላይ ምንም እንደሌለ ነግራኛለች። እኔስ ትዳር አገኘሁ። ብርቄ ምን በድላ እንደሆነ ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሐኪሙ ጨርሶ ሲነሣ፣ «በሩን ክፈቱና ያላችሁኝን ድገሙልኝ» አልሁት። ግራ ቢገባውም ከፈተው፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ደገመው። የልጅ ልጄ አፍራ ከኋላዬ ተደበቀች። ትፈር፤ ይህ ሀፍረት ቤት ሳንደርስ ያልፋል። ለብርቄ በር ከፍቶ የተናገረላት ሰው አልነበረም።